ከባንኮኒው ጀርባ፦ ሁለተኛው የተኩስ ጌም ለምን በለጠ

ይህ ወሬ ደንበኛ ፊት አይነሳም። የሚነሳው ማታ፣ ሂሳብ ተዘግቶ ጆይስቲኮቹ በጨርቅ ሲወለወሉ፣ ወይም አንዱ ጌም ቤት ከሌላው ሃርድ ዲስክ ሊዋስ ሲመጣ ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባሉት መንደሮች ውስጥ፣ ቴሌቪዥንና አግዳሚ ይዞ የሚተዳደር ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ የተኩስ ጌም መጣ ሲባል ምስሉ ምን ያህል ጠራ፣ ታሪኩስ እንዴት ነው ብለን አንጀምርም። የመጀመሪያው ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ሰው ያጫውታል ወይ?

በዚህ ጥያቄ ተመዝኖ ያለፈ አንድ ጌም አለ። «ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ሞደርን ዋርፌር 2» ይባላል። የወጣው ኅዳር 1 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የመጀመሪያው «ሞደርን ዋርፌር» ደግሞ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. መጨረሻ ወጥቷል። ሁለቱንም የሠራቸው ኢንፊኒቲ ዋርድ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ አሳታሚያቸውም አክቲቪዥን ነው። ዓለም ስለ ሁለቱ ብዙ ተከራክሯል። እኛ ከባንኮኒው ጀርባ የምናየው ግን ለብቻው ነው፣ ማንም ጽፎት ስላላየሁም እኔ ልጻፈው።

መጀመሪያ የቤቱን ኑሮ ልንገራችሁ። ጌም ቤትን የሚያኖረው ፊፋ ነው። ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ጨዋታው በደቂቃዎች ያልቃል፣ ተሸናፊ ይነሳል፣ ተራ ጠባቂው ይገባል። ሕጉን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ከፑል ቤትና ከጆተኒ የወረስነው ሕግ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ጌም ይህን ሥርዓት ይሰብረዋል። አንዱ ተጫዋች ሰዓት ገዝቶ ይቀመጣል፣ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል ወይም ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ይይዘዋል። የሚያይ ሰው ደግሞ አይከፍልም። ስለዚህ የቱንም ያህል ድንቅ ቢሆን የአንድ ሰው ጌም ለቤቱ ኪሳራ ነው።

የመጀመሪያው «ሞደርን ዋርፌር» ድንቅ ነበር፣ ይህን የሚክድ የለም። አንዲት ከተማ ላይ የኒውክሌር ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የምትጫወትበት ወታደር ከወደቀው ሄሊኮፕተር ውስጥ እየተጎተተ ይወጣል፣ ጥቂት እርምጃ ይንፏቀቃል፣ ይሞታል። በቃ፣ ማዳን የሚባል ነገር የለም። ይህ ክፍል ሲመጣ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር፣ እንግሊዝኛ የማይሰማው ሳይቀር። ቼርኖቤል አጠገብ ባለችው ባዶ ከተማ በፕሪፕያት፣ ሣር ለብሶ በጠላት መካከል የሚያልፈው ተልዕኮም እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። በታሪክ ከሆነ የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ይበልጣል። የሁለተኛው ታሪክ ከአፍጋኒስታን ወደ ሩሲያ፣ ከብራዚል ወደ አሜሪካ እየዘለለ ይበተናል፣ ማን ማንን እንደከዳ ለመከተል እንኳ ያስቸግራል።

ነገር ግን ታሪኩ የአንድ ሰው ነው። ለሁለት የነበረው ምርጫ እርስ በርስ መገዳደል ብቻ ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ተጀመረ።

ሁለት ሰው ሲገባ ቴሌቪዥኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ላይኛው ግማሽ ያንተ፣ ታችኛው ግማሽ የኔ። ካንተ ለመደበቅ ከግድግዳ ጀርባ ብገባ አንተ ዓይንህን አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገህ የት እንዳለሁ ታያለህ። ሦስት ሰው ለገደለ የሚሰጠው የራዳር ሽልማት ራሱ ትርጉም አጣ፤ የጓደኛህ ግማሽ ስክሪን ከራዳር በላይ ነውና። ያኔ ጠቡ ይነሳል። «ስክሪኔን አየ!» «አላየሁም!» ካርቶን ቀድደን ቴሌቪዥኑ ላይ ልንጋርድ የሞከርንበት ጊዜ ነበር። ግን ስክሪኑ የሚከፈለው ላይና ታች ነው እንጂ ግራና ቀኝ አይደለም፤ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሰዎች ካርቶን ምንም አይጋርድም። በፊፋ ይህ ችግር የለም፣ ሜዳው የጋራ ነው፣ ሁሉም ሁሉን ያያል። የተኩስ ጌም ግን መደበቅን ይፈልጋል፣ አንድ ቴሌቪዥን ደግሞ መደበቂያ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው «ሞደርን ዋርፌር» በኛ ሰፈር ጥቂት ሰሞን ደምቆ ወደ መደርደሪያ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሲመጣ ብዙዎቻችን ያው ነው ብለን ነበር። ሜኑው ላይ ሦስተኛ ምርጫ እንዳለ ያየነው ቆይተን ነው፤ ስፔክ ኦፕስ ይላል። ሃያ ሦስት አጫጭር ተልዕኮዎች በአምስት ረድፍ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ እንደ ክብደቱ እስከ ሦስት ኮከብ ያስገኛል፣ ሁሉም ሲደመር 69 ኮከብ ነው። ኮከብ ባጠራቀምክ ቁጥር ቀጣዩ ረድፍ ይከፈታል። ዋናው ነገር ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን፣ ያለ ምንም ኢንተርኔት፣ በአንድ ወገን ሆኖ ይጫወተዋል።

የሁለተኛው ብልጫ ለኔ ይሄ ነው። በመጀመሪያው ጌም የጓደኛን ስክሪን ማየት ማጭበርበር ነበር፤ በሁለተኛው መረዳዳት ሆነ። በጓደኛህ ግማሽ ላይ ከኋላው የሚመጣውን ጠላት እሱ ሳያየው አንተ ታየዋለህ፣ ትጮህለታለህ። ጠብ ያስነሳ የነበረው ያው የተከፈለ ስክሪን፣ አንዲት ፒክስል ሳትለወጥ፣ የጨዋታው ጉልበት ሆነ። ፒክስል ያልኩት ደግሞ እንዲሁ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ሁለቱም ጌሞች የሚሠሩት በ1024 በ600 ነው፣ ሁለቱም በሰከንድ 60 ምስል ለመስጠት የተሠሩ ናቸው። ምስሉ አደገ ብሎ የሚነግራችሁ ሻጭ ካለ የዲስኩን ልባስ አይቶ ነው። ያደገው በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ያለው ነገር ነው።

አንዱን ተልዕኮ ቀረብ ብለን እንየው። «ሂደን» ይባላል። ቦታው ያ ከመጀመሪያው ጌም የተወደደው የፕሪፕያት ዳርቻ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን አለቃውን እየተከተለ ያለፈበትን ሣር አሁን ሁለት ሰው ያልፍበታል። ሣር የለበሱ አነጣጣሪዎች ተኝተው ይጠብቃሉ፤ እስኪተኩሱ ድረስ አይታዩም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የብየዳ ቤት ሠራተኛ፣ እጁ ላይ ገና የብረት ጥላሸት ያለበት፣ ከአንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጋር ተቀመጠ። አይተዋወቁም፤ ተራቸው ተገጣጥሞ ነው። በያጁ ተመታ። በዚህ ጌም ስትመታ ወዲያው አትሞትም፤ ትወድቃለህ፣ ሽጉጥ ይዘህ ትንፏቀቃለህ፣ ደምህ እየፈሰሰ ጊዜህ ይቆጠራል። ጓደኛህ ደርሶ አጠገብህ ቆሞ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ አለበት፣ ያኔ ትነሳለህ። ካልደረሰ ለሁለታችሁም አበቃ። ልጁ ሩቅ ነው፣ መካከላቸው ገላጣ ሜዳ አለ። አግዳሚው ላይ ያለው፣ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው፣ በር ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ድረስለት!» አለ። ልጁ በደረቱ ተሳበ፣ አንዱን አነጣጣሪ ጣለ፣ ደረሰ፣ ቁልፉን ያዘ። በያጁ ተነሳ። ተልዕኮው ካለቀ በኋላ ነው «ስምህ ማነው?» ብሎ የጠየቀው። በፊፋ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ በፊፋ ከጎንህ የተቀመጠው ሁልጊዜ ባላጋራህ ነው።

ሌላም አለ፤ «ኦቨርዎች» የሚባለው። አንዱ ሰማይ ላይ ካለው የጦር አውሮፕላን መድፍ ይተኩሳል፣ ሌላው ምድር ላይ ይሮጣል። ለብቻ አይጫወቱትም፣ የግድ ሁለት ይፈልጋል። ጆይስቲክ ገና ያልለመደውን ልጅ አውሮፕላኑ ላይ አስቀምጠው። የምለው ስለማውቀው ነው፤ የፊፋ ልጅ ቀኝ አውራ ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ነው የሚኖረው፣ ቀኙን ዱላ አያውቀውም። የተኩስ ጌም ላይ ደግሞ ዓይንህ ያ ቀኝ ዱላ ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ሰማይ ሰማይ ወይም መሬት መሬት ሲያይ የምታዩት ለዚህ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ግን መራመድ የለም፣ ማነጣጠር ብቻ ነው፣ እጁን ያፍታታበታል። የመጀመሪያው ጌም ጀማሪን ከነባር ጋር የሚያስቀምጥበት እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረውም። ሁለቱን አስቀመጥክ ማለት ጀማሪው ሲሞት ዋለ ማለት ነበር።

ለመብራትም ተመቸ። ሰፈራችን የፋብሪካና የጋራዥ ሰፈር ነው፣ መብራቱ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲመጣም እየተወዛወዘ ነው። ስፔክ ኦፕስ ተልዕኮው በደቂቃዎች የሚያልቅ ስለሆነ፣ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ያቺው የተጀመረችው ሙከራ ናት። ሲመጣ ያቺን ደግሞ ማጫወት ነው፣ ክርክር የለም።

አሁን ደግሞ በጆሮ የሚነገረውን ልንገራችሁ። ስፔክ ኦፕስ ሲመጣ «ተሸናፊ ይነሳል» የሚለው ሕግ ፈረሰ፤ ሁለቱም አብረው ያሸንፋሉ፣ አብረው ይሸነፋሉ። ታዲያ ማን ይነሳ? አንዳንዱ ቤት በሙከራ ማስከፈል ጀመረ፣ ከሞታችሁ እንደገና ትከፍላላችሁ ብሎ። እዚህ ላይ ተንኮል ገባ። ጌሙ ተልዕኮ ስትጀምር ሦስት የክብደት ደረጃ ይሰጥሃል፤ ቀላሉ አንድ ኮከብ፣ መካከለኛው ሁለት፣ ቬተራን የሚባለው ከባዱ ሦስት። አዲስ ልጅ ሲመጣ ሳይነግሩት ቬተራን ላይ አድርገው የሚያስጀምሩ ነበሩ። ልጁ በደቂቃ ይሞታል፣ እጄ ነው ጥፋተኛው ብሎ ያምናል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ እንደገና ይከፍላል። ይህ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ደህና ቤቶች ወደ ሰዓት ሂሳብ ዞሩ፣ ግማሽ ሰዓት ለሁለት፣ እኩል ያዋጣሉ። ልጃችሁ ጌም ቤት የሚሄድ ከሆነ ደረጃውን ራሱ ይምረጥ፤ ተልዕኮው ሲከፈት ምርጫው ስክሪኑ ላይ ይመጣል።

ሁለተኛው ምስጢር የኮከቦቹ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ፕሮፋይል ነው፣ ሁሉም የሚጫወተው በእሱ ነው። ስለዚህ 69ኙ ኮከብ የማንም ልጅ የግል አይደለም፣ የሰፈሩ ነው። ጠዋት ከትምህርት በፊት ሁለት ልጆች ያገኙት ኮከብ ማታ ከፋብሪካ የወጡት ሠራተኞች የሚጫወቱትን ረድፍ ይከፍታል። «ስንት ደረስን?» ብሎ የሚገባ ሰው ነበር፣ ራሱ ሳይጫወት የሰነበተ። ይህን የፈጠረው የጌሙ ሠሪ አይደለም፣ አንድ ማሽን ለብዙ ሰው የሆነበት ኑሯችን ነው። ጌሙ ግን ቦታ ሰጠው። የቆየው ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 3 ሙቀትና አቧራ አይችልም፣ ከባድ መኪና የሚያልፍበት የደብረ ዘይት መንገድ አቧራ ማራገቢያው ውስጥ ሲጠራቀም ቢጫ መብራት አብርቶ ይሞታል። ማሽኑ ሲሞት ሴቩ፣ ማለትም የተጠራቀመው ኮከብ፣ አብሮ ከጠፋ ሰፈሩ ከዜሮ ይጀምራል።

ሦስተኛው የሚያሳፍር ነው። በየቤቱ ያለው ጌም አብዛኛው ቅጂ ነው። የፕሌይስቴሽን 3 መቆለፊያ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ከተሰበረ ወዲህ ጌሙ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ ነው የሚሄደው፣ ለሠሪው አንድ ብር አይደርሰውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፤ ባለሙያው ሁሉ እንዳለ ያውቃል። ስለ ኢንተርኔት ጨዋታ ግድ የማይሰጠን አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ መቆለፊያው የተሰበረ ማሽን ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ሊታገድ ይችላል። ዓለም በሁለተኛው ጌም ያደነቀውን፣ ማለትም ሽልማቶቹን ራስህ መምረጥህን፣ 25 ሰው ሳትሞት ከገደልህ ጨዋታውን በኒውክሌር መጨረስህን፣ እኛ ከሞላ ጎደል አላየነውም። ያየነው የሁለት ሰውን ጥግ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከፍቷል፣ በዝምታ ማለፍ አልችልም። በታሪኩ ውስጥ አየር ማረፊያ ገብተው ሲቪል ሰው የሚጨፈጭፉበት ክፍል አለ። ጌሙ ታሪኩ ሲጀመር የሚረብሽ ይዘት እንዳለው ተናግሮ እንዲታለፍ ምርጫ ይሰጣል። ያን ምርጫ የሚያነበው ማነው? እንግሊዝኛ የማያነብ የአሥር ዓመት ልጅ ዝም ብሎ ቁልፍ ይጫናል። ጌሙ በአሜሪካ ለ17፣ በአውሮፓ ለ18 ዓመት እና ከዚያ በላይ ተብሎ የተፈረጀ ነው። ምርጫው የኛ ሥራ ነው፣ የባለ ባንኮኒው። ታሪኩን ራሴ አስጀምሬ ያንን ክፍል እንዲዘለል አድርጌ ነው ጆይስቲኩን የማቀብለው፤ ለትንንሾቹማ ፊፋ አለ።

ተከታይ ሁሉ ያሻሽላል ማለት አይደለም። «ኪልዞን» በፕሌይስቴሽን 2 በ1997 ዓ.ም. ሲመጣ ስክሪን ከፍሎ ሁለት ሰው ያጫውት ነበር። በ2001 የመጣው «ኪልዞን 2» በምስል ሰውን አስደነገጠ፣ የሁለት ሰውን ጨዋታ ግን አወጣው፤ በ2003 ሦስተኛው ታሪኩን ለሁለት አድርጎ መለሰው። «ሬዚስታንስ»ም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ታሪኩን ለሁለት ያጫውታል፣ ሁለተኛው ታሪኩን ለአንድ ሰው ብቻ አደረገው፣ ሦስተኛው መለሰ። በኛ ቤቶች «ኪልዞን 2» ለማሳያ ነበር የሚከፈተው፤ አዲስ ፍላት ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ለመኩራራት። ሲጫወቱት አላየሁም።

የ«ሞደርን ዋርፌር 2» ዕጣም ያሳዝነኛል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ምስሉ ታድሶ ለፕሌይስቴሽን 4 ወጣ። ቆዳው ጠራ፣ ብርሃኑ አማረ። ስፔክ ኦፕስ ግን የለበትም፣ ታሪኩ ብቻ ነው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ያንኑ ስም ይዞ አዲስ ጌም መጣ፤ የፕሌይስቴሽን 5 ዲስኩ ላይ ያለው 70 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ጌሙ ራሱ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። የሁለት ሰው ተልዕኮዎቹም ሁለት ማሽንና ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ኢትዮጵያን በአገር ዝርዝሩ ውስጥ አልያዘም፤ አካውንት የሚከፍተው ሁሉ የሌላ አገር ሰው ነኝ ብሎ ነው። በሞባይል ዳታ ያንን ሁሉ ጊጋባይት ማውረድ ምን እንደሚያስወጣ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ለሙያ ጓዶቼ የምለው አለኝ፤ በሳሪስ፣ በገላን፣ በኮዬ ፈጬም ላላችሁት። አዲስ ማሽን ስትገዙ ሻጩ የቆየውን ፕሌይስቴሽን 3 በቅናሽ አምጣው ይላችኋል። አትስጡት። አቧራውን አራግፉ፣ ስታብላይዘር ላይ ሰኩት፣ ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ሴቩን በፍላሽ ቅዱት። የ2002ቱ «ሞደርን ዋርፌር 2» ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ካለ ቦታ ጠበበ ብላችሁ አታጥፉት። ጎን ለጎን ለሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ተብሎ የተሠራው የእሱ ስፔክ ኦፕስ በታደሰውም ሆነ በአዲሱ ጌም ውስጥ የለም።